የመኪና ሰም ስትገዙ፣ የማር ሰም ስትሸጡ

የበቆሎውና የበርበሬው ዝርዝር እንደተለመደው ማታ ይለቀቃል። አሁን ስለ ሰም ነው የምናወራው። መጀመሪያ መኪና ላይ ስለሚቀባው፣ ቀጥሎ መጋዘን ውስጥ በጆንያ ስላለው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ እዚያ እስክንደርስ ታገሱን።

ነገሩ የመጣው በውስጥ መስመር ከደረሰን ጥያቄ ነው። ቡሬ ላይ እህል የሚነግድ ወንድማችን ነጭ ፒክአፕ አለው። ላቫጆ ሲያሳጥብ ልጆቹ «ጋሼ፣ ዋክስ እናድርግልዎት» ይሉታል። አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ደግሞ «ዋክስ ምን ያደርግልሃል፣ ሲላንት ግዛ» ይለዋል። ጎረቤቱ ሁለቱንም ሰምቶ ይስቃል፤ «ቤትህ የማር ሰም ሞልቶ ለቆርቆሮ ሰም ብር ታወጣለህ? አቅልጠህ ቀባው እንጂ!» ብሎታል። ማንን ልስማ ነው ጥያቄው።

አጭሩ መልስ፦ ዘመድህን ስማ። ሲላንት ይሻላል፣ በዓመት ሁለቴ፤ አንዱ ሰኔ ሳይገባ፣ አንዱ ክረምቱ ሲወጣ። የማር ሰሙን ግን መኪናው ላይ አታድርገው፣ ለገዢ አቆየው። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች ነው። ረጅሙን የጻፍነው ለእሱ ብቻ ብለን አይደለም፤ ዩኒየኖችና ሰም ላኪዎችም እዚህ ቻናል ላይ ስላላችሁ ነው።

«የመኪና ቀለም የሸቀጥ ዋጋ ጉዳይ ነው ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነው እንጂ። ነጋዴ ቤት ከመጋዘኑና ከመጋዘኑ ዕቃ ቀጥሎ ትልቁ ሀብት መኪናው ነው። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ቀለም፣ ቲነርና ፖሊሽ በዶላር ነው የሚገዛው፤ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው መኪና ነገ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ደግሞ ኮፈኑን ከማስከፈቱ በፊት ቦዲውን ነው የሚዞረው። ደላላውም «ቀለሙ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ነው ዋጋ የሚጠራው። አንዴ ባትላሜራ ቤት ገብቶ የተቀባ መኪና ያችን ቃል ያጣታል።

የኛን መንገድ እንየው። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፤ ግን ከፍታ ላይ ቀለም የሚያቃጥለው ጨረር ቆላ ካለው ይበረታል። ከደምበጫ እስከ ቡሬ አስፋልት ነው፤ ወደ ወምበርማ፣ ወደ ቋሪት፣ ወደ ገጠሩ ገበያ ስትገቡ ግን በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ ነው። አቧራው ብቻውን ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው በደረቁ በጨርቅ ሲጠረግ ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ደቃቅ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጠዋት ጠዋት መኪናውን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውል ሹፌር ትጉህ ይመስላል፣ ቀለሙን ግን እየበላው ነው።

ማዳበሪያ የምትጭኑም አስቡበት። ከጆንያ የፈሰሰው የዩሪያና የኤንፒኤስ ዱቄት እርጥበት ሲያገኝ ብረት ይበላል። የጭነት አልጋውን ዋክስም ሲላንትም አያድነውም፣ በዚያ ላይ ብር አታጥፉ። ማዳበሪያ ከተራገፈ በኋላ መጀመሪያ በደረቁ ጠርጎ ማውጣት፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብና ማድረቅ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

የወፍ ኩስ የታወቀ ነው። የንብ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀፎ ካለበት ሰፈር መኪና ያቆመ ሰው ኮፈኑ ላይ ትንንሽ ቢጫ ነጠብጣቦች ያገኛል፤ የአበባ ብናኝ የመሰለው የንብ ኩስ ነው። ከደረቀ በኋላ በጥፍር ብትፍቁት ቀለሙ ላይ ምልክት ይቀራል። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ አቆዩትና ሲለሰልስ አንሱት። ሰሙንም ኩሱንም የምትሰጠን ያቺው ንብ ናት፣ ምን ይደረግ።

በላይ በላዩ ደግሞ እኛው የምንጨምረው አለ። መኪና በኦሞ ይታጠባል፤ ኦሞ ስብ ለማውጣት የተሠራ ስለሆነ የተቀባውን ዋክስ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ «ያብለጨልጭ» ተብሎ በናፍጣ ይወለወላል። በናፍጣ የተወለወለ ቦዲ ለአንድ ቀን ያምራል፣ በማግስቱ የደምበጫን አቧራ በሙሉ ተሸክሞ ይመጣል።

አሁን ወደ ቀለሙ ራሱ። የአብዛኛው ዘመናዊ መኪና ቀለም ንብርብር ነው፦ ከታች መሠረቱ፣ ከላዩ ቀለሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው የሚያስተላልፍ ሽፋን። ሁሉም ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ክሊሩ ብቻውን 40 አካባቢ። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን አስታውሱና ምን ያህል ስስ ነገር ላይ እንደምንጨቃጨቅ ተመልከቱ። ነጭ ፒክአፕና ላንድክሩዘር ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ከነጮቹ ውስጥ ክሊር የሌላቸው፣ ቀለሙ ራሱ የላይኛው ሽፋን የሆነባቸው አሉ። መለያው ቀላል ነው። በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ፖሊሽ በንጹሕ ጥቁር ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ነጭ ከሆነ ክሊር የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀለም በፀሐይ ሲመታ እንደ ኖራ ይቦንናል፤ በእጅ ስትነኩት ነጭ ዱቄት ከተነሣ ተጀምሯል። እሱ መጀመሪያ በፖሊሽ መጽዳት አለበት። ዋክስም ሆነ ሲላንት የቦነነ ቀለም ላይ ቢደረብ ዱቄቱን ነው የሚሸፍነው።

ዋክስ ማለት ሰም ነው። ጥሩ በሚባለው ቆርቆሮ ላይ «ካርናውባ» የሚል ታያላችሁ። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሴራ፣ በፒያዊና በሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴ ግዛቶች ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ ይደርቃል፣ ዱቄቱ ይራገፋል፣ ይቀልጣል። በተፈጥሮ ከሚገኙ ሰሞች ውስጥ በጣም ጠንካራው ነው ማለት ይቻላል፤ የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። መኪና ላይ ጥልቅ የሆነ ሙቅ ውበት ይሰጣል፣ በተለይ ጥቁርና ቀይ ቀለም ላይ። ችግሩ አይቆይም። ጥሩ ጋራዥ ውስጥ አድሮ በልዩ ሻምፑ የሚታጠብ መኪና ላይ ሁለት ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ጭቃ የሚለብስና በኦሞ የሚታጠብ መኪና ላይ ግን ከሳምንታት አያልፍም።

ሲላንት የሚባለው ፋብሪካ የሠራው ፖሊመር ነው። ከቀለሙ ጋር የሚይዘው አያያዝ ከሰም ይጠነክራል፣ ሙቀትም ሳሙናም ይበልጥ ይችላል። ከአራት እስከ ስድስት ወር መቆየት የተለመደ ነው። ውበቱ ትንሽ ቀዝቃዛ፣ እንደ መስታወት ነው ይላሉ ነገር አዋቂዎቹ። ነጭ መኪና ላይ ልዩነቱን የሚያይ ሰው ብዙ አይመስለንም፤ በኛ መንገድ ላይ ከሚሄዱት ስንቶቹ ነጭ እንደሆኑ ደግሞ ቆጥራችሁ ድረሱበት።

አንድ ማሳሰቢያ። ሱቅ ገብታችሁ «ሲላንት» ብቻ ካላችሁ የመስታወት ሲልከን ወይም የሞተር ማጣበቂያ ቱቦ ሊሰጣችሁ ይችላል። «የቀለም ሲላንት፣ ቦዲ ላይ የሚቀባ» በሉ፣ ጽሑፉንም አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ሲሊኮን ስላለ ደግሞ መኪናው በኋላ ቀለም የሚያስፈልገው ከሆነ ለቀቢው ንገሩት። ሲሊኮን በደንብ ካልተጸዳ አዲሱ ቀለም ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ቀዳዳ ይፈጥራል። ቀቢው ካልተነገረው ጥፋቱን በቲነሩ ያሳብባል፣ እናንተም ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

እንግዲህ ስሌቱ። እህል ስትገዙ በኩንታል እንደምታስቡ ይህንንም በወር አስቡት። እንበል አንድ የዋክስ ቅብ ከነጉልበቱ 800 ብር፣ አንድ የሲላንት ቅብ 1,600 ብር ፈጀ (ለስሌት ብለን ያስቀመጥነው ነው፣ የገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዙት)። ዋክሱ በኛ መንገድ ስድስት ሳምንት ቢቆይ በዓመት ዘጠኝ ጊዜ ያህል ነው፣ ወደ 7,000 ብር። ሲላንቱ አምስት ወር ቢቆይ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው፣ ከ3,200 እስከ 4,800 ብር። በእጥፍ ዋጋ የተገዛው ረከሰ ማለት ነው። የራሳችሁን የአካባቢ ዋጋ አስገቡና አስሉት። ዋክሱ የሲላንቱን ሩብ ያህል ካልሆነ በቀር አያዋጣም፤ ሩብ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ላቫጆ የቆመ መኪና የሚያስቀረውን የጭነት ገቢ አልቆጠርንም።

ሴራሚክ የሚባለውስ? ይቆያል፣ ዓመትና ከዚያ በላይ። ግን ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ በማሽን መታሸት አለበት፣ አቧራ በሌለበት ቤት ውስጥ መድረቅ አለበት፣ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ አዲስ የቤት መኪና ይሁን እንላለን። ጠጠር መንገድ ላይ ድንጋይ የሚረጭበት ፒክአፕ ላይ ያን ያህል ብር ማፍሰስ ግን በኛ ግምት ኪሳራ ነው። ጠጠር ሲመታው ሴራሚክ አይመክትም።

አቀባቡ ላይ ብዙ አንቆይም፣ ጽሑፉ ቆርቆሮው ላይ አለ። ሦስት ነገር ብቻ። ታጥቦ ሙሉ በሙሉ የደረቀ፣ ጥላ ላይ ያለ፣ ብረቱ የቀዘቀዘ መኪና ላይ ቀቡ። በስሱ ቀቡ፤ ወፍራም ቅብ ዕቃ ማባከን ነው፣ የሚይዘው የነካው ብቻ ነው። ሲላንት ከተቀባ በኋላ ቢቻል እስከ ማግስቱ ዝናብ አይንካው፤ ለዚህ ነው ሰኔ ሳይገባ ያልነው፣ ሐምሌ ላይ ቡሬ ውስጥ 24 ሰዓት የማይዘንብበት ቀን ፈልጋችሁ አምጡ። ዋክስ ከተቀባ መኪና ላይ ሲላንት አይያዝም፣ መጀመሪያ ዋክሱ መውጣት አለበት። ተቃራኒው ግን ይሆናል፤ ለሠርግ ወይም ለሽያጭ ቀን ውበት የምትፈልጉ ሲላንቱ ላይ ዋክስ ብትደርቡ አይከፋም። መንገድ ተዘግቶ መኪና ሳምንታት ደጅ ቆሞ በሚከርምበት ጊዜ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥላ ይሻላል፣ ቆርቆሮ ክዳን ካለ በነጻ ነው።

ወደ ጎረቤትዬው ሐሳብ እንምጣ፤ ቀልድ ቢመስልም መልስ ይገባዋል። የማር ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ይለሰልሳል። ጠቆር ያለ ቦዲ በጋ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ሲመታው እዚያ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የለሰለሰ ሰም አቧራ ይይዛል፣ የያዘውን አቧራ ስታጥቡት ይፍቃል። ነጭ መኪናን ያበልዛል። ብቻውን ተቀብቶ እንኳ አይሰራጭም፤ ለማቅጠን በቤንዚን አቅልጣለሁ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ኧረ በመድኃኔዓለም፣ ቤቱን ያቃጥላል። የማር ሰም በአንዳንድ የመኪና ፖሊሾች ውስጥ ይገባል፣ ግን በትንሹ፣ ጠንካራውን ካርናውባ ለማለስለስ። የመኪና ፖሊሽ የማር ሰም ትልቅ ገበያ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም።

እዚህ ጋ ነው ሁለቱ የሚገናኙት።

ያንን «ካርናውባ» የሚል ቆርቆሮ ገልብጣችሁ ብታነቡት በአብዛኛው ከሁሉ የሚበዛው ከነዳጅ የሚወጣ ማቅለጫ ነው። ፓራፊን ይከተላል፣ ሲሊኮን ይጨመራል፣ ካርናውባው ከመቶ ትንሽ ድርሻ ነው። «100 ከመቶ ካርናውባ» የሚለው እንኳ «ከገባው ሰም ውስጥ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ካርናውባ እንደ ድንጋይ ስለሆነ በጨርቅ አይቀባም። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ፋብሪካው ብዙ ነዳጅና ትንሽ ሰም ቀላቅሎ በሰሙ ስም ውድ አድርጎ ይሸጣል። የሰም ስም ዋጋ አለው ማለት ነው። እኛ ጋ ያለው ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ንጹሕ ሰም ይዘን ፓራፊን እየቀላቀልንበት ስሙን እናረክሳለን።

ስሙ ደግሞ ትንሽ ስም አይደለም። ኢትዮጵያ በማር ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፣ በሰም ደግሞ በዓለም ከዋነኞቹ አምራቾች ትመደባለች። ሰም ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር በምጽዋ በኩል ይወጣ የነበረው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰም የምናገኘውም አብዛኛው ገበሬያችን በባህላዊ ቀፎ ስለሚያነባ ነው፤ እንጀራው ተቆርጦ ስለሚወጣ ከማሩ ክብደት ከ8 እስከ 10 ከመቶ ገደማ ሰም ይሆናል። በዘመናዊ ቀፎ እንጀራው ወደ ቀፎው ስለሚመለስ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ከመቶ ነው። ይሄ ሰም ደግሞ ገበያ የሚደርሰው በአብዛኛው በጠጅ ቤት በኩል ነው፣ በሰፈፍ መልክ። የውጭ ገዢ የአፍሪካን ሰም የሚፈልግበት አንዱ ምክንያት በአውሮፓ ቀፎ ውስጥ የሚጨመረው የቅንቅን መድኃኒት ቅሪት እምብዛም ስለማይገኝበት ነው። ገዢው መዋቢያ የሚሠራ፣ መድኃኒት የሚሠራ፣ ከረሜላ የሚያብለጨልጭ፣ ለንብ አናቢ የሰም ሉህ የሚያትም ነው። አንዳቸውም ፓራፊን ለመግዛት ጎጃም ድረስ አይልኩም፤ ፓራፊን ደጃቸው ላይ በርካሽ አለ።

ቅልቅሉ ማን ጋ ነው የሚገባው? ሰው መወንጀል አንፈልግም፣ ሰንሰለቱ ረጅም ነው። ገበሬው ማሩን ከነሰሙ ለጠጅ ቤት ይሸጣል፣ ጠጅ ቤቱ ሰፈፉን ለሰብሳቢ፣ ሰብሳቢው ለአቅላጭ፣ አቅላጩ ለላኪ። በየደረጃው ዋጋ የሚከፈለው በኪሎ ብቻ ነው። ሻማ ቆርጦ ሰም ውስጥ የጨመረ ሰው ኪሎው ይጨምርለታል፣ የሚቀጣው የለም። ንጹሕ ያመጣውም እኩል ይከፈለዋል። በዚህ አከፋፈል ንጹሕ ሰም መጠበቅ የዋህነት ነው። ላኪው ውጭ ሄዶ ዕቃው ሲመለስበት ወይም ዋጋው ሲቆረጥበት ደግሞ ቅናሹን ወደ ታች ያወርደዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው የጃቢ ጠህናኑ ገበሬ ነው፣ ሻማ በእጁ ነክቶ የማያውቀው።

ለዩኒየኖች ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። የተቀላቀለ ሰም በማተሚያ ሉህ ሆኖ ለአባላት ሲከፋፈል ንቦቹ እንጀራ ሠርተውበት በሙቀት ይወርዳል። ገበሬው «ዘመናዊ ቀፎ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ቀፎው ምን አጠፋ?

ብራዚሎቹ ምን እንዳደረጉ እዩ። ካርናውባን በጅምላ «ሰም» ብለው አይሸጡም። ካልተዘረጋው ለጋ ቅጠል የሚወጣው ነጣ ያለ ዓይነት አንድ ይባላል፣ ዋጋው ለብቻ ነው። ከደረሰው ቅጠል የሚወጣው ዓይነት ሦስትና ዓይነት አራት ነው። ገዢ ቁጥሩን ጠርቶ ይገዛል። እነሱም ጋ ግን ቆሻሻ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ አንድ የጀርመን ቴሌቪዥን ፕሮግራም ካርናውባ ቆራጮች የሚሠሩበትን አስከፊ ሁኔታ አጋለጠና ስሙ የተነሣው የታወቀው የከረሜላ ኩባንያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገዢ «ከየት ነው፣ ማን ቆረጠው» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ወደ ማር ሰምም ይመጣል። ቀድሞ መዝገብ ያለው ሰው ነው የሚሸጠው።

እንዴት ይታወቃል ለምትሉ፣ የላቦራቶሪው መንገድ አለ፦ የአሲድ ቁጥሩ ከ17 እስከ 24፣ የኤስተር ቁጥሩ ከ70 እስከ 80 መካከል መሆን አለበት፣ ፓራፊን ሲገባበት ሁለቱም ይወርዳሉ። ሰፈፍ መሰብሰቢያ ላይ ግን ላቦራቶሪ የለም። እዚያ ላይ የሚሠራው አረቄ ነው። አትሳቁ። የማር ሰም ከፓራፊን ይከብዳል፤ ውኃን 1 ብንል የማር ሰም 0.96 አካባቢ፣ ፓራፊን 0.90 አካባቢ ነው። ጠንከር ያለ ዳግም አረቄ በብርጭቆ ቅዱ። ንጹሕ መሆኑን በእርግጠኝነት የምታውቁትን የሰም ቁራጭ ጣሉበት፣ ይሰጥማል። ቁራጩ ለመነሣት እስኪያመነታ ድረስ ውኃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። አሁን የተጠራጠራችሁትን ቁራጭ ጣሉ። ንጹሑ ታች እንዳለ ያኛው ወደ ላይ ከወጣ ቀላል ነገር ገብቶበታል። ቁራጮቹ ቀልጠው የተጣሩ ይሁኑ፤ አየር የያዘ ያለጥፋቱ ይንሳፈፋል፣ አፈር የያዘ ደግሞ ፓራፊኑን ይደብቃል። የድሮዎቹ ደግሞ ሰብረው ነው የሚያዩት። ንጹሕ ሰም ሲሰበር ስብራቱ ደብዛዛና ሸካራ ነው፣ ሲታኘክ ጥርስ ላይ አይጣበቅም። ፓራፊን የገባበት ያንሸራትታል። ይህ ሁሉ የመጀመሪያ ወንፊት ነው፣ ውል የሚፈረምበት ማስረጃ አይደለም።

ሲቀልጥ ስለሚበላሸውም አንድ ነገር። ሰም በብረት ድስት አይቀለጥም፣ ይጠቁራል፤ መዳብም እንደዚያው። አሉሚኒየም ወይም ያልተፋቀ ኢናሜል ይሁን፣ ውኃ ይግባበት፣ እሳቱ አይብዛ። ጠቁሮ የመጣ ሰም ንጹሕም ቢሆን ገዢ ይቀንስበታል። ገንዘብ ሳይወጣ ዋጋ የሚጨመርበት ቦታ ቢኖር ይሄ ድስት ነው።

የኛ አቋም፦ ዩኒየኖች ሰምን በሁለት ዋጋ መግዛት ይጀምሩ። በአረቄው ያለፈ፣ ተጣርቶ በሻጩ ስምና በቀበሌው ተመዝግቦ የመጣ አንድ ዋጋ፤ ያላለፈ ሌላ ዋጋ፣ ልዩነቱ ሻማ ከመጨመር ከሚገኘው ትርፍ የሚበልጥ። በዚህኛው አናሳ ልዩነት መሞከር ዋጋ የለውም፤ ሃምሳ ሳንቲም ለይታችሁ ንጽሕና አትገዙም። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ከተማ ነው፤ ስለ አኩሪ አተርና ስለ ዘይት በሚወራበት ጊዜ አንድ የሰም ማጣሪያና ትንሽ ላቦራቶሪ ይገባ ብሎ መጠየቅ የበዛ ጥያቄ አይመስለንም። ላኪዎችም «ገበሬው ቀላቀለ» ከማለት በፊት ከሰብሳቢያችሁ የምትገዙበትን አከፋፈል እዩት።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በዋጋ ዝርዝራችን ላይ ሰም በሁለት መስመር ይወጣል፣ ሰፈፍ ለብቻ፣ የተጣራ ሰም ለብቻ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከጅጋ፣ ከማንኩሳና ከደምበጫ የሰብሳቢ ዋጋ ያላችሁ እስከ ዓርብ ማታ በውስጥ መስመር ላኩልን። ስትልኩ በምን እንደፈተናችሁት ጨምሩበት፤ ካልተፈተነም «አልተፈተነም» በሉ፣ እንደዚያው ብለን እናወጣዋለን። የቀለም ሲላንት ከነሥራው በስንት እንደተቀባላችሁም ላኩ፣ ያንን 1,600 ብር በእውነተኛ ዋጋ እንተካዋለን።